«ላይክዌክ» የሚሉት የሞተ ቃል

የቀብር ድርጅቱን ቁልፍ ያስረከብኩት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሥራ አስኪያጇ ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችውና «ስንት ዓመት ሠራህ?» አለችኝ። አሥራ አንድ አልኳት። «ዋው» አለች። ከዚያ ስልኳ ጮኸ። የአሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ በዚህ አለቀ።

ጡረታ አይባልም፤ ዕድሜዬ ሠላሳ ስድስት ነው። ግን ከእንግዲህ ሬሳ አልገንዝም። ስለዚህ ለእኔ ጡረታ ነው። አሁን ሌላ ቦታ፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን አነሣለሁ። ካርቶን አደራ አይልም።

መጻፍ አልችልበትም። ትምህርቴ ከአሥራ ሁለተኛ አላለፈም፤ ከቤታችን ብዕር የያዘው ታላቅ ወንድሜ ጌታቸው ነበር። ደሴ እያለ ስድስት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሯል። እሱ ቢኖር ይህን ወረቀት ወስጄ «ጌትሽ፣ አስተካክልልኝ» እለው ነበር። የምጽፈው ግን እሱ ስለሌለ ነው። ስለዚህ እንደመጣልኝ እጽፋለሁ።

ሚኒያፖሊስ እንደገባሁ መጀመሪያ የሠራሁት በአረጋውያን መጦሪያ ነው። ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት። አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ሞቱ። ነርሷ ዐይናቸውን ከድና ስልክ ልትደውል ሄደች። ዘመድ አልነበራቸውም። የእኔ ሺፍት አልቋል፤ ጃኬቴን ለብሻለሁ። ግን ሰውየውን ብቻቸውን ትቼ ለመውጣት እግሬ እንቢ አለኝ። በእኛ አገር ሬሳ ብቻውን አይተውም። ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ሬሳውን ሊወስድ የመጣው ረጅም ሸበቶ ፈረንጅ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ።

«ልጃቸው ነህ?» አለ። ሽማግሌው እንደ ወተት ነጭ ናቸው።

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«ብቻቸውን እንዳይሆኑ ነው።»

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም።»

በእግራቸው በኩል ያዝ አለኝ፣ ያዝኩ። መኪናው ጋ ስንደርስ ካርድ ሰጠኝና «እዚህ የሚከፍሉህን እኔም እከፍልሃለሁ» አለ። አርቪድ ይባላል። ሲዋርድ በሚባለው ሰፈር ከአባቱ የወረሰው ትንሽ ፊውነራል ሆም፣ ሬሳ ተገንዞ ለቀብር የሚዘጋጅበት ቤት፣ ነበረው። በሚቀጥለው ሳምንት ገባሁ።

ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። ሲያስተምር ብዙ አያወራም፤ እየሠራ ያሳያል። የማቀዝቀዣውን ክፍል ከመክፈቱ በፊት በሩን ሁለቴ ያንኳኳል። መጀመሪያ ሳየው ሳቄ መጣ። «ማን ይከፍትልሃል?» አልኩት። «ሰው ያለበት ክፍል ነው» አለ፣ ሳይስቅ። «ሬሳው» ብሎ አያውቅም፤ በስማቸው ነው የሚጠራቸው። ስንገንዝ ውኃውን ያሞቀዋል። «የማይሰማቸው ከሆነ ለምን ታሞቀዋለህ?» ብዬ ጠየቅኩት። «የእኔ እጅ ይሰማዋል። እጅ ሲበርደው ይቸኩላል» አለኝ።

ጢም ስትላጭ ክሬሙን አብዛ፣ ወደ ጸጉሩ አወራረድ ብቻ ላጭ፤ የሞተ ቆዳ ቢቆረጥ አይደማም፣ ግን ይደርቅና ይጠቁራል፣ ቤተሰቡም ያየዋል። የደረቀ ክንድ በጉልበት አይታጠፍም፤ ከትከሻው ጀምረህ ቀስ እያልክ ታሽዋለህ፣ ከዚያ ክርኑን፣ ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ። በጠባብ ደረጃ ስትወርድ እግር ይቀድማል፣ ራስ ከፍ ይላል፣ ከላይ ያለው ሰው ደረጃውን በድምፅ ይቆጥራል። ከቤተሰብ ፎቶ ስትጠይቅ የሠርጉን አትቀበል፤ ወጥ ቤት ቆመው ሲስቁ የተነሡትን ጠይቅ፤ ጸጉራቸውን በየት በኩል እንደሚያበጥሩ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

የእኛ ሰዎች መምጣት ሲጀምሩ ደግሞ እኔ አስተማርኩት። ቄሶቹ ሲገንዙ፣ አውራ ጣቶቹን በፈትል ሲያስሩ አርቪድ ኮቱን አውልቆ ጥግ ይቆማል። ፈትሉን ያዝ ሲሉት ይይዛል። ወረቀቱንም ለመድኩ። ሬሳ ወደ አገር ቤት ሲሄድ ስንት ማኅተም እንደሚፈልግ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ እሱን ትቼዋለሁ።

ከማቀዝቀዣው አጠገብ አንድ የእንጨት ወንበር ነበረች። ትራሷ ተቀምጠውባት ተቀምጠውባት እንደ ወረቀት ሳስታለች። ቤተሰብ «ብቻውን አይሁን» ካለ አርቪድ እሷ ላይ ይቀመጣል፣ ጋዜጣ ያነባል፣ የቤዝቦሉን ውጤት ጮክ ብሎ ይናገራል። እኔ ከገባሁ በኋላ እየተፈራረቅን መቀመጥ ጀመርን። አንድ ቀን ቦታ ስንለዋወጥ እንዲህ አለኝ፦ «አያቴ ከኖርዌይ ይዛው የመጣችው ስም አለው ይሄ ሥራ። እንግሊዝኛም ድሮ ነበረው። ላይክዌክ ይባል ነበር። አሁን የሚለው ሰው የለም።»

ማታውኑ ለጌታቸው ነገርኩት። ያን ጊዜ ብሩክሊን ፓርክ መጋዘን ውስጥ ነበር የሚሠራው። አስተማሪነቱ ግን አልወጣለትም።

«እንዴት ነው የሚጻፈው?»

«እኔ ምኑን አውቄ።»

«ቀባሪው፣ ቃል ሲሰጡህ ከነፊደሉ ተቀበል እንጂ። ሬሳ ያለ ስም ትቀበላለህ?»

ስልኩ ላይ ፈለገ፤ አገኘ። አላረካውም። እሱ የፈለገው ቃሉ ከየት እንደተወለደ፣ ከምንና ከምን እንደተገጠመ የሚናገር ትልቅ መዝገበ ቃላት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሮጌ መጽሐፍ ባየበት ሁሉ ይቆም ነበር።

አሁን ወደ ጋሽ ደምሴ ልምጣ። ስሸሸው ቆይቻለሁ።

ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ያገራችን ሽማግሌ አንድ ዐርብ ዕለት ሞቱና እኛ ዘንድ መጡ። ለቀብር የሚያስፈልገው የሐኪም ፊርማ እስከ ሰኞ አይመጣም ተባለ። አርቪድ ልጁ ዘንድ፣ ሰሜን ሄዷል። ልጃቸው ሙሉጌታ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ሃምሳ የሞላው፣ ዝምተኛ ሰው። ማመላለሻውን ጨርሶ ከነዩኒፎርሙ መጣ።

«ሳሚ፣ አደራ» አለኝ። «አባቴ በሕይወቱ ብቻውን አድሮ አያውቅም። እኔ እንዳልቀመጥ ቤት ለቀስተኛ ይመጣል። ሐዘንተኛ ቤቱን ጥሎ አይወጣም።»

«ጋሽ ሙሉጌታ፣ እኔ አለሁ። ብቻቸውን አይሆኑም።»

ዐርብ አብሬያቸው አደርኩ። ቅዳሜ ጠዋት ጌታቸው ደወለ።

«የት ነህ?»

«ሥራ።»

«ከማን ጋር?»

«ከጋሽ ደምሴ።»

«እሳቸው የትም አይሄዱም። ሴንት ፖል አንድ ቤተ ክርስቲያን የድሮ መጽሐፍ እየሸጡ ነው፤ ዛሬ ብቻ። የእኔ መኪና ጋራዥ ናት። አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ትመለሳለህ።»

በሩን ቆልፌ ሄድኩ። አንድ ሰዓት ብዬ ነው።

መዝገበ ቃላቱን ምድር ቤት፣ ከጠረጴዛ ሥር አገኘው። ሁለት ጥራዝ፣ እንደ ጤፍ ኩንታል የሚከብድ። ተሸክመን ብሩክሊን ፓርክ፣ እሱ አፓርታማ ውስጥ አስገባነው። ገና ጫማውን ሳያወልቅ ወለሉ ላይ ገለጠው። ሲያገኘው ጭኑን መታ።

«ስማ። ሁለት ቃል ነው። የፊተኛው በድሮ እንግሊዝኛ አካል ማለት ነው፤ በቁምም ይሁን በሞት። የኋለኛው ነቅቶ መጠበቅ። ሲገጥሙ ሬሳ እየጠበቁ ማደር። በእንግሊዝ አገር ሰሜኑ ክፍል ነው ብዙ የቆየው። የአርቪድ አያት ቃል የዚህ የአክስት ልጅ ነው።»

ጣቱን እያወረደ ቀጠለ። በድሮ ቤተ ክርስቲያኖች መግቢያ ላይ ሬሳ ተሸካሚዎች የሚያርፉበት ጣሪያ ያለው በር ነበር፤ የበሩም ስም ከዚያው ከአካሉ ነው የመጣው አለኝ። እንግሊዞች «ይመስላል» ለማለት «ላይክ» የሚሉት ቃልም ከእሱ ነው፤ ጥንት «ያው አካል ያለው» እንደማለት ነበር።

«እኔና አንተ እንመሳሰላለን ሲሉን፣ በድሮው አንድ አካል አላቸው ማለታቸው ነው።»

«ታዲያ ለምን ጠፋ ላይክዌክ?»

«መጀመሪያ የፊቱን ቆረጡት። አሁን ዌክ ብቻ ይላሉ፤ ሁለት ሰዓት ሳንድዊች በልቶ መሄድ ነው። ሬሳውን ከቃሉ አወጡት። ከዚያ ከክፍሉ አወጡት።»

በራሱ ንግግር ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ያን ሰዓት ጋሽ ደምሴ ብቻቸውን ነበሩ። ይህን አላሰብኩም ነበር ማለት አልችልም። አስቤዋለሁ። በረዶ ጀመረ፤ መንገዱ ይጸዳና እሄዳለሁ አልኩ። እራት በላን። እዚያው ሶፋ ላይ ተኛሁ። እሑድ መንገዱ ተጠርጎ ነበር። ይህንንም አልደብቅም። በሩ ተቆልፏል፣ ማን ያውቃል አልኩ። ሌላ ቃል፣ ሌላ ቃል እያለ ሲያነብልኝ ዋልን።

ሰኞ ስደርስ ሙሉጌታ ቆሞ ይጠብቀኛል። አርቪድም ከሰሜን ተመልሷል።

«ብቻውን አልነበረም አይደል?» አለኝ ሙሉጌታ።

«አብሬያቸው ነበርኩ።»

ትከሻዬን ይዞ ሳመኝ። እንባው አንገቴ ላይ ወረደ። አርቪድ አማርኛ አያውቅም፤ ግን ሁሉንም ያየ ይመስለኛል። ሙሉጌታ ከሄደ በኋላ ኮቱን እየሰቀለ «የኋላውን ደረጃ በረዶ ጠዋት እኔ ነኝ የጠረግኩት» አለ። የምንገባው በኋላ በር ብቻ ነው። «የወጣም የገባም ሰው የእግር ዱካ አልነበረበትም።»

ከዚያ በሩን ሁለቴ አንኳኳ፣ ወንበሯን ሳበ፣ የሬሳ መኪናው እስኪመጣ ከጋሽ ደምሴ ጋር ተቀመጠ። በስማቸው ሲጠራቸው ሰማሁ፤ አጠራሩ ልክ አልነበረም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለጌታቸው ነገርኩት። መጀመሪያ ሊስቅ ነበር፤ አየኝና ተወው።

«ለሙሉጌታ ንገረው።»

«እንዴት ብዬ?»

«በአማርኛ።»

«አሁን ብነግረው ለማን ይጠቅማል?»

«ለአንተ። በእኔ ጦስ ነው የሄድከው፤ ከፈለግህ አብሬህ እመጣለሁ።»

ነገ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ፣ ቆየ። በዚህ መሀል ሙሉጌታ በየለቅሶው «ሳሚ አባቴን ከዐርብ እስከ ሰኞ ከነሌሊቱ ጠብቆልኛል» እያለ ተናገረ። ሰው እኔን ፈልጎ መምጣት ጀመረ። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም። «እሱ ዘንድ ከሆነ ብቻውን አይሆንም» ይሉ ነበር። እውነቴን ነው፣ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላጓደልኩም። ስንቱን ተቀምጬ አነጋሁ። ግን ስሜ የተሠራው ባልተቀመጥኩበት ቅዳሜና እሑድ ነው። ሲያመሰግኑኝ መሬት መሬት አያለሁ፤ ትሕትና ይመስላቸዋል።

አርቪድ ጉልበቱ ደከመና ቤቱን ሸጦ ልጁ ዘንድ ገባ። የገዙት ሌሎች ብዙ ፊውነራል ሆሞች ያሏቸው ሰዎች ናቸው። ሬሳ በሲዋርድ ማቆየት ቀረ። ሁሉም ፕሊማውዝ በምትባል ጎረቤት ከተማ፣ ኢንዱስትሪው ሰፈር፣ መስኮት ወደሌለው አንድ ትልቅ ሕንፃ ይሄዳል። በሩ በኮድ ነው። ወንበሯን ይዤ ብሄድ ሥራ አስኪያጇ «ሳም፣ ይሄ የሴፍቲ ደንብ ነው፤ ውስጥ መቀመጥ አይቻልም» አለችኝ። ቤተሰብ ማየት ከፈለገ ቀጠሮ ይይዛል፣ ሠላሳ ደቂቃ። ለመጡት ቤተሰቦች ይህን በግልጽ ነግሬያቸው ይሆን? ለአንዳንዶቹ ነገርኩ። ለሌሎቹ «እኔ አለሁ» አልኩ። እኔ አለሁ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አላብራራሁም።

ጌታቸው ማክሰኞ ቀን ሥራ ላይ ወደቀ። ልቡ ነው አሉ። አርባ ሦስት ዓመቱ ነበር። እኔ ሆስፒታል ስደርስ አልቋል።

ሊወስዱት የመጡት የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው። አብሬ ልሂድ አልኩ። «ሠራተኛ የራሱን ዘመድ አይነካም» የሚል ደንብ እንዳለ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ኮዴን ለሳምንቱ ዘጉት። ለእኔ አስበው ነው አሉ። ቀጠሮ ያዝ ተባልኩ፤ ለቅዳሜ፣ ከቀብሩ በፊት፣ ሠላሳ ደቂቃ ሰጡኝ።

የጌታቸው አፓርታማ በለቀስተኛ ሞላ። ፍራሽ ላይ አስቀመጡኝ። ረቡዕ ተነሥቼ መኪና ቁልፍ ሳነሣ የእድሩ ሊቀ መንበር እጄን ያዙ።

«ወዴት ነው ልጄ?»

«ፕሊማውዝ። በሩ ላይ ቆሜ እለምናቸዋለሁ።»

«ሐዘንተኛ ቤቱን ጥሎ አይወጣም። ሰው ከሮችስተር ድረስ እየመጣ ነው። ደግሞ ያንተ መሥሪያ ቤት አይደለም እንዴ? እሱ እዚያ በእጅህ ነው ያለው።»

ከጎናቸው ያሉት ሴትዮ «ጌታቸው ታድሏል» አሉ። «የሌላ ሰው ወንድም ቢሆን እኮ ብቻውን ነበር የሚቀመጠው። ሳሚ እያለ ማን ይጨነቃል?»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ሄዶ ልጠብቀው ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ለምን ይላሉ? እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው። ተመልሼ ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ። ጥግ ላይ መዝገበ ቃላቱ ሁለቱ ጥራዝ ተደርቦ ነበር፤ አንድ ሰው የሻይ ብርጭቆ አስቀምጦበታል።

ሐሙስ ንጋት ደሴ ላይ ለእናቴ መርዶ ተነገራት። ከሰዓታት በኋላ ስልኩን ሰጡኝ። ድምፅዋ አልቋል። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ።

«ማን አብሮት አለ?»

ክፍሉ ውስጥ ሠላሳ ሰው ነበር። ሁሉም እኔን ያያል።

«እኔ አለሁ እማዬ» አልኳት። «አብሬው ነኝ።»

«እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ» አለች። «እግዚአብሔር ይስጥህ።»

ቅዳሜ ጠዋት ፕሊማውዝ ሄድኩ። ከሕንፃው ኋላ፣ ፓርኪንጉ ውስጥ አንዲት አሮጌ መኪና አፍንጫዋን ወደ ብረት በሩ አድርጋ ቆማለች። መስተዋቷ ከውስጥ በትንፋሽ ደብዝዟል። በሩ ተከፈተና ሙሉጌታ ወጣ። ጉልበቱን እያሻሸ ነው።

«አላስገቡኝም» አለ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። «ዘመድ ነህ ወይ አሉኝ። ከረቡዕ ጀምሮ በጠዋቱና በከሰዓቱ ማመላለሻ መሀል እዚህ እመጣለሁ። መዝሙረ ዳዊቴን እዚሁ ሆኜ ደገምኩለት። አንተ ከለቅሶ ቤት መውጣት እንደማትችል እኔ አላጣሁትም። አንተ ለአባቴ ያደረግኸውን...»

«ጋሽ ሙሉጌታ» አልኩት። «አልነበርኩም።»

«የት?»

«ከጋሽ ደምሴ ጋር። ዐርብን ብቻ ነው ያደርኩት። ቅዳሜ ጠዋት ወጣሁ፤ ሰኞ ነው የተመለስኩት። ዋሽቼሃለሁ።»

መንገዱ ላይ አንድ ትልቅ መኪና እስኪያልፍ ጠበቀ።

«ታዲያ ማን ነበር ከእሱ ጋር?»

«ማንም።»

«ማንም?»

«ማንም።»

ዞሮ የመኪናውን መስተዋት በክርኑ ጠረገ። ውጩን ነው የጠረገው፤ የደበዘዘው ውስጡ ነው። «ለምን አሁን ነገርከኝ?» አለ፣ ወደ እኔ ሳይዞር። መኪናው ውስጥ ገባ። የሚሄድ መስሎኝ ነበር። አልሄደም። ሞተሩን ሳያስነሣ፣ ፊቱን ወደ ብረት በሩ አድርጎ ተቀመጠ።

በቀጠሮዬ ሰዓት ገባሁ። በሩን ሁለቴ አንኳኳሁ፤ የከፈተችልኝ ልጅ ግራ ገብቷት አየችኝ። ጌታቸውን ቸኩለው ነው ያበጠሩት፤ ጸጉሩን በተሳሳተው በኩል ከፍለውታል። ከአገጩ ሥር ትንሽ የጠቆረ መስመር አለ። የላጨው እጅ እንደቸኮለ አወቅሁ። ጸጉሩን በጣቴ መለስኩለት። ሲሞት ይበልጥ እኔን መሰለ። ሠላሳ ደቂቃው ሲያልቅ ልጅቷ ሰዓቷን አሳየችኝ።

ሙሉጌታ ቀብሩ ላይ ነበር። አፈር አልብሶ፣ እጄን ሳይጨብጥ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም፤ እኔም አልደወልኩም። ሥራውን የተውኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ደሴ ያለችው እህቴ ይህን ለእናቴ ታነብላታለች። እማዬ አሁንም በደወልኩ ቁጥር ትመርቀኛለች፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ልጻፈው። እማዬ፣ አብሬው አልነበርኩም። ብሩክሊን ፓርክ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ነው ያናገርኩሽ። የነበረው ሙሉጌታ የሚባል የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ከግድግዳው ውጭ፣ መኪናው ውስጥ። የምትመርቂው እሱን ነው። እሱንም አላስገቡትም።